አልገጥም ያለ

ዓመት ከመንፈቅ ተኳርፈን ከረምን፣ እኔና እግሬ።
ባጃጇ ስትገለበጥ፣ ከዓባይ ድልድይ መለስ ብሎ፣
ከኔ ቀድማ የጮኸች ቅልጥሜ ነበረች።
ወጌሻው ጋሽ ቢተው በቀርከሃ አሰሩኝ፤
"አይዞህ፣ ዐርባ ቀን ነው" አሉ።
ዐርባው ሁለቴ ዞረ፣ ሦስቴ ዞረ።
ቀጥሎ ጀሶ መጣ፤ ነጭ፣ ከባድ፣ ደንቆሮ፤
ከውስጥ ሲበላኝ በኤሌክትሮድ ጫፍ አከክሁት።
ጀሶው ተቀዶ ሲወልቅ
እግሬ የሌላ ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ዐመዳም፣
መሐሉን ሲነኩት የሚወዛወዝ፣
እንደ ላላ ማጠፊያ።

ሰው ሁሉ መድኃኒት ያውቃል።
ጎረቤቴ ፌጦ፣ አክስቴ የበግ ቅልጥም፣
አንዱ ከዘጌ ጠበል በጄሪካን፣
አንዱ ደግሞ "ዓይን ነው" አለ፣ "የባጃጅ ሳይሆን የሰው።"
አልዋሽም፣ ሁሉንም ሞከርሁ።
ቅልጥሙ ጣፈጠኝ።

ሽምብጥ ካለው ብየዳ ቤቴ
በርጩማ ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ አያለሁ፤
ጭርር ሲል አውቀዋለሁ፣ ሲንጣጣ አውቀዋለሁ።
"አንሙት! ይኼ አልያዘም፣ ዝገቱን አልፈቀፈቅኸውም!"
ከዚያ አፍሬ ዝም።
አጥንቱ ያልገጠመ ሰው ስለ መግጠም ምን ያወራል?

ዶክተር ትርንጎ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለችው።
እኔ ቀድሜያት አየሁት።
"ዶክተር፣ ይኼ ብየዳ አልያዘም።
ጫፉና ጫፉ ተድበልብሏል፣ መሐሉ ጥቁር ነው።
እኔ ጋ ቢመጣ ኖሮ
ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ እንደ አዲስ እሠራው ነበር።"
ሳቀች።
"አልቆርጥህም። ብረት ከቀዘቀዘ አለቀለት፤
አጥንት ግን ሥራ አቋርጦ ምሳ እንደ ወጣ ሠራተኛ ነው፣
ጠርቶ የሚመልሰው ይፈልጋል።
ከዳሌህ መቅኔ እንቀዳለን፣ በመርፌ፤
ከስብራቱ ላይ እናፈሰዋለን፣ በመርፌ።
ቀዳዳው ከማሽላ ፍሬ አይበልጥም።"

መቅኔ።
አባቴ ሲቆጣ "መቅኖ ቢስ!" ይለኝ ነበር።
ለካ ነበረኝ፣
ዳሌዬ ውስጥ፣ ሳልነካው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት።

ነቅቼ ነው የሠሩኝ። ከወገቤ በታች የለሁም።
ግማሽ ቀለበት የመሰለ ማሽን እግሬን ከቦ ቆመ።
በመስኮቱ ዘንባባ፣ ከዘንባባው ጀርባ የጣና ቁራጭ፣
በማያው ላይ ግራጫ አጥንቴ፣
መርፌዋ ቀጭን ጥቁር መስመር።
ቀስ ብላ ገባች፣ ቆመች፣ ትንሽ ዘወር አለች፣ ገባች።
ብልጭታ የለም።
ስንት ዓመት በእሳት ስገጥም ኖሬ
ያለ ጭስ፣ ያለ ጥቁር መነጽር
እንዲህ ጸጥ ያለ ብየዳ መኖሩን ማን ነገረኝ?
ሁለት ፕላስተር፣ በቃ። አንዱ ዳሌ ላይ፣ አንዱ ቅልጥም።
እንዬ አየችና ተቆጣች፤
"ያን ሁሉ ብር የከፈልነው ለዚህች ነው?
ትንኝ እንኳ ከዚህ የበለጠ ትነክሳለች!"

ከዚያ መጠበቅ።
ክረምቱ ገባ፣ ሐይቁ ሞላ፣ መንገዱ ጨቀየ፣
ክራንቼ ጭቃ ጠጣ፤ ቤት ዋልሁ።
ሌሊት ሌሊት እጄን ልኬ አዳምጣለሁ፤
የሚሠራ ሰው ድምፅ ይኖራል ብዬ።

በአራተኛው ወር ፊልሙ ላይ ጭጋግ አየሁ፤
"ተበላሸ" ብዬ ልቤ እስኪጠፋ ደነገጥሁ።
"አይ" አለች ትርንጎ፣ "እንዲህ ነው ሲጀምር፤
አጥንት ከመሆኑ በፊት ደመና ነው፣ ድር።"
እውነትም ማለዳ ጣናን ይመስል ነበር፣
ወዲያ ማዶ እንዳለ ሳይታይ ሲነገር።

ዛሬ ባንድ ክራንች ሄጄ የአንሙትን በር አየሁት፤
ስፌቱን በጥፍሬ ጫፍ ጀምሬ እስከ ታች ነካሁት።
"ይዟል" አልሁት። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ደስ ብሎት።
ከዚያ ማንም ሳያየኝ ክራንቹን ከግድግዳው አስደግፌ፣
ክብደቴን ቆጥቤ፣ እንደ ብድር፣ ጥቂት ጥቂት አሳልፌ፣
እግሬን መሬት አስነካሁት።
ሕመም የለም አልልም።
ግን ስረግጠው፣ መሐሉ ላይ፣
ሌላ ሰው የለም።